ሦስቱ መድኃኒቶች ለምን በአንድ ላይ ይሰጣሉ?
የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች አገኛኘትና አሠራር

መግቢያ

በዛሬው ጊዜ በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከሚከታተሉ አዋቂዎች አብዛኞቹ በቀን አንድ ጊዜ የሚውጡት አንዲት እንክብል ነው። እንክብሏ ለዓይን አንዲት ብትሆንም በውስጧ ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የተባሉ ሦስት መድኃኒቶች ይገኛሉ። ለብዙ ሕመሞች አንድ መድኃኒት በቂ ሆኖ ሳለ ለአንድ ቫይረስ ሦስት ለምን አስፈለገ? ሦስቱ በአንድ ላይ የሚሰጡትስ ጉልበታቸው ስለሚደመር ብቻ ነውን?

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ጥያቄ ነው። መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ ቫይረሱ እንዴት እንደሚራባ፣ ቀጥሎም መድኃኒቶቹ የትኛውን የሥራ ደረጃ እንደሚያሰናክሉ እንመለከታለን። ከዚያም ማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያሰላው የሚችል አንድ ስሌት እናቀርባለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

በሰው ማጀት የሚኖር ጠላት

አንድ መድኃኒት ጥሩ የሚባለው በሽታ አምጪውን ጎድቶ በሽተኛውን የማይጎዳ ሲሆን ነው። በባክቴሪያ ላይ ይህን ማድረግ በአንጻሩ ይቀላል። ባክቴሪያ ራሱን የቻለ ሕዋስ በመሆኑ በእኛ ሕዋሳት ውስጥ የማይገኙ ብዙ ነገሮች አሉት። ለምሳሌ ፔኒሲሊን የባክቴሪያው የሕዋስ ግድግዳ እንዳይገነባ ይከለክላል። የሰው ሕዋስ ግን እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን በእኛ ሕዋስ ላይ የሚመታው ዒላማ አያገኝም።

ቫይረስ ግን የራሱ ጓዳ የለውም። ወደ ሌላው ሕዋስ ማጀት ገብቶ በሕዋሱ ምድጃ፣ በሕዋሱ ዕቃና በሕዋሱ እህል ራሱን ያበዛል። ስለዚህ ምድጃውን እናጥፋ ብንል ባለቤቱንም ጦም እናሳድረዋለን። በመሆኑም የፀረ ቫይረስ መድኃኒት ተመራማሪዎች የመጀመሪያ ጥያቄ፣ «ይህ ያልተጠራ እንግዳ ከራሱ ጋር ይዞት የመጣው፣ በባለቤቱ ቤት ግን የማይገኝ ዕቃ የትኛው ነው?» የሚል ነው።

ኤች.አይ.ቪ. ይዞት የሚመጣው ጓዝ እጅግ ጥቂት ነው። የሰው የዘር መረጃ 3 ቢሊዮን ያህል በሚሆኑ ኬሚካዊ ፊደላት የተጻፈ ሲሆን የኤች.አይ.ቪ. ግን በ9,700 ገደማ ፊደላት ያልቃል። ጂኖቹም 9 ብቻ ናቸው። በእነዚህ ጥቂት ጂኖች ከሚሠሩት ፕሮቲኖች መካከል ሦስት ኤንዛይሞች ይገኛሉ፤ እነርሱም ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ፣ ኢንተግሬዝና ፕሮቲየዝ ይባላሉ።

የቫይረሱ የመራባት ጉዞ

ቫይረሱ ከመግባት እስከ መብዛት ድረስ የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በአምስት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

አንደኛ፣ መግባት። ቫይረሱ ሲ.ዲ.4 የተባለ ፕሮቲን በላያቸው ላይ የሚገኝባቸውን ነጭ የደም ሕዋሳት ይይዛል። ከዚህም ሌላ ሲ.ሲ.አር.5 ወይም ሲ.ኤክስ.ሲ.አር.4 የሚባል ሁለተኛ መያዣ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ከያዘ በኋላ የቫይረሱ ሽፋን ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ተዋሕዶ የውስጡ ጓዝ ወደ ሕዋሱ ይገባል።

ሁለተኛ፣ መገልበጥ። የቫይረሱ የዘር መረጃ የተጻፈው በአር.ኤን.ኤ. ነው። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ይህን አር.ኤን.ኤ. ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ይገለብጠዋል።

ሦስተኛ፣ መቀላቀል። ኢንተግሬዝ አዲሱን ዲ.ኤን.ኤ. በሕዋሱ አስኳል ውስጥ ከሚገኘው የሰው ዲ.ኤን.ኤ. ጋር ይሰፋዋል። ከዚህ በኋላ የቫይረሱ መረጃ የሕዋሱ ንብረት ሆኖ ይቀመጣል።

አራተኛ፣ መመረት። ሕዋሱ ሳያውቀው የቫይረሱን መመሪያ እያነበበ የቫይረስ አር.ኤን.ኤ. እና ረጃጅም ፕሮቲኖች ያመርታል።

አምስተኛ፣ መብሰል። ፕሮቲየዝ እነዚያን ረጃጅም ፕሮቲኖች በተወሰኑ ቦታዎች ላይ እንደ መቀስ ይቆራርጣቸዋል። ይህ ካልተደረገ ከሕዋሱ የሚወጣው ቫይረስ ጥሬ ስለሚሆን ሌላ ሕዋስ መያዝ አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን ሃዋርድ ቴሚንና ዴቪድ ባልቲሞር፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ በ1970 ሲያገኙት የኤድስ ስም እንኳ አልተሰማም ነበር። ሁለቱም ያጠኑ የነበረው በእንስሳት ላይ ዕጢ የሚያስከትሉ ቫይረሶችን ነው። መረጃ ከአር.ኤን.ኤ. ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ሊሄድ እንደሚችል ያሳየው ይህ ግኝት በ1975 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። በ1983 በፓሪስ ፓስተር ኢንስቲትዩት ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲ፣ ሉክ ሞንታኝዬና ባልደረቦቻቸው የኤድስን ቫይረስ ሲለዩ ከምልክቶቹ አንዱ ይኸው ኤንዛይም ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ዒላማ በሽታው ከመታወቁ በፊት ታውቆ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

ቀዳዳው በአንድ በኩል ብቻ የሆነ ዶቃ

ዒላማው ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያው ጥይትም ተሠርቶ ተቀምጦ ነበር። በ1964 ጄሮም ሆርዊትዝ የተባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት ለካንሰር ሕክምና ይሆናል ብለው ኤ.ዜድ.ቲ. የተባለውን ውሁድ ሠሩ። መድኃኒቱ በአይጦች ላይ ተሞክሮ ካንሰሩን ሊያቆም ስላልቻለ ተትቶ ሃያ ዓመት ያህል ቆየ። በ1985 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት በተደረገ የቤተ ሙከራ ምርመራ ግን ኤ.ዜድ.ቲ. ኤች.አይ.ቪ. እንዳይራባ ማድረጉ ታወቀ።

አሠራሩን በዶቃ ምሳሌ ልናስረዳ እንችላለን። ዲ.ኤን.ኤ. ሲሠራ ፊደላቱ እንደ ዶቃ አንዱ ከሌላው ጋር እየተያያዙ ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ዶቃ በአንድ በኩል ካለፈው ጋር፣ በሌላ በኩል ከሚመጣው ጋር የሚያያዝበት ቦታ አለው። ኤ.ዜድ.ቲ. ታይሚዲን የተባለውን ትክክለኛ ፊደል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚቀጥለው ዶቃ ሊያያዝበት በሚገባው ቦታ ላይ የሃይድሮጅንና የኦክስጅን ጥንድ በመሆን ፈንታ ሦስት የናይትሮጅን አተሞች ተቀምጠውበታል። ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ተታልሎ ይህን የሐሰት ዶቃ ሲሰካ ክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። የሰው ዲ.ኤን.ኤ. ቀጂ ኤንዛይሞች በዚህ ዶቃ በቀላሉ አይታለሉም። ሆኖም ጨርሶ አይታለሉም ማለት አይደለምና አንዳንድ ታካሚዎች ላይ የደም ማነስን የመሰለ ጉዳት ያስከትላል።

መድኃኒቱ በ282 ሕሙማን ላይ ተሞከረ። በ1986 የሙከራው ውጤት ሲመረመር ባዶ እንክብል ከወሰዱት 19፣ ኤ.ዜድ.ቲ. ከወሰዱት ግን 1 ሰው ብቻ መሞቱ ታየ። ስለሆነም ሙከራው ከጊዜው በፊት ተቋርጦ መድኃኒቱ በመጋቢት ወር 1987 በአሜሪካ ተፈቀደ።

ደስታው ግን ረጅም ዕድሜ አልነበረውም። በጥቂት ወራት ውስጥ ተሽሏቸው የነበሩት ሕሙማን እንደገና ይዳከሙ ጀመር። በ1989 የወጣ ጥናት ከእነዚህ ሰዎች የተወሰደው ቫይረስ ኤ.ዜድ.ቲ.ን የተላመደ መሆኑን አረጋገጠ። ቫይረሱ ይህን ያህል ፈጥኖ የተላመደው እንዴት ነው?

አራሚ የሌለው ጸሐፊ

በአገራችን የብራና መጻሕፍት ወግ ቁም ጸሐፊው ዳዊት ገልብጦ ሲጨርስ ሥራው በዚያ አያበቃም። ንባብ የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ ያርመዋል፤ የተዘለለውን ቃል ይጨምራል፤ የተሳሳተውን ይፍቃል። በሕዋሳችንም ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. ሲቀዳ እንዲህ ያሉ አራሚ ኤንዛይሞች ስላሉ በመጨረሻ የሚቀረው ስሕተት በቢሊዮን ፊደላት አንድ ያህል ነው።

ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ግን አራሚ የሌለው ችኩል ጸሐፊ ነው። በአማካይ በየ30,000 ፊደላት አንድ ጊዜ ይሳሳታል። የቫይረሱ መጽሐፍ 9,700 ያህል ፊደላት ስላሉት ከሦስት ቅጂዎች በአንዱ ገደማ አንድ ስሕተት ይገኛል ማለት ነው።

ከእነዚህ ስሕተቶች አብዛኞቹ ቫይረሱን ራሱን የሚጎዱ ወይም ምንም ለውጥ የማያመጡ ናቸው። አልፎ አልፎ ግን የተሳሳተው ፊደል መድኃኒቱ በሚይዝበት ቦታ ላይ ይሆናል። ላሚቩዲንን እንውሰድ። በሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ ሰንሰለት 184ኛው አሚኖ አሲድ ሜታዮኒን ሲሆን የተጻፈው «ኤ-ዩ-ጂ» በሚሉ ሦስት ፊደላት ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ተሳስታ «ጂ-ዩ-ጂ» ስትሆን በሜታዮኒን ምትክ ቫሊን ይገባል። በዚህች በአንዲት ፊደል ምክንያት ኤንዛይሙ ላሚቩዲንን ከትክክለኛው ፊደል ለይቶ መተው ይችላል። ላሚቩዲን ለብቻው ሲሰጥ ይህ ለውጥ በሳምንታት ውስጥ ይታያል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚስቱትን ነጥብ ግልጽ ማድረግ ይገባናል። መድኃኒቱ ስሕተቱን አይፈጥረውም። ስሕተቱ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊትም በዘፈቀደ ሲፈጠር ኖሯል። መድኃኒቱ የሚያደርገው ሌሎቹን አስወግዶ ለዚያ ለተለየው ቫይረስ ሜዳውን ባዶ ማድረግ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በረጅም ዘመን ይፈጸማል ያሉት የተፈጥሮ ምርጫ በአንድ ሰው ሰውነት ውስጥ በወራት ይፈጸማል።

ሌላም ያልታወቀ ነገር ነበር። በቫይረሱ የተያዘ ሰው የሕመም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት መኖሩ ቫይረሱ ተኝቷል የሚል ግምት አሳድሮ ነበር። በ1995 በዴቪድ ሆና በጆርጅ ሾው የተመሩ ሁለት ቡድኖች ይህ ግምት ስሕተት መሆኑን አሳዩ። የሆ ቡድን ከሒሳብ ሊቁ ከአለን ፔረልሰን ጋር በ1996 ባወጣው ስሌት መሠረት በአንድ ታካሚ ሰውነት ውስጥ በየቀኑ ወደ 10 ቢሊዮን የሚጠጉ ቫይረሶች ይመረታሉ፤ ያን ያህልም ይወገዳሉ። ያ ዝምታ እንቅልፍ ሳይሆን በገመድ ጉተታ ላይ ያሉ ሁለት እኩል ባላንጣዎች እርጋታ ነበር።

ስሌቱ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። ለስሌት እንዲመቸን በአንድ ሰው ውስጥ በየቀኑ 10 ሚሊዮን አዳዲስ ሕዋሳት በቫይረሱ ይያዛሉ ብለን እንነሣ። በእያንዳንዱ ሕዋስ አንድ ጊዜ የመገልበጥ ሥራ ይከናወናል። አንድ የተወሰነ ፊደል የመሳሳት ዕድሉ ከ30,000 አንድ ነው። ሊሳሳት የሚችለው ወደ ሦስት ሌሎች ፊደላት ስለሆነ ወደ አንድ የተወሰነ ፊደል የመለወጥ ዕድሉ ከ100,000 አንድ ገደማ ይሆናል።

አንድ መድኃኒት ብቻ ቢሰጥና ለመላመድ አንድ ለውጥ ቢበቃ፣ 10 ሚሊዮንን ለ100,000 ስናካፍል 100 እናገኛለን። ይህም ማለት መድኃኒቱን የሚላመደው ቫይረስ በየቀኑ 100 ጊዜ ይፈጠራል። ኤ.ዜድ.ቲ.ን ለመላመድ ብዙ ለውጦች ቢያስፈልጉም፣ መድኃኒቱ ብቻውን ሲሆን ቫይረሱ አንድ በአንድ ሊሰበስባቸው ይችላል።

ሁለት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ቢሰጡ ሁለቱ ለውጦች በአንድ ቅጂ ላይ መገናኘት አለባቸው። ዕድሉ 100,000 በ100,000 ተባዝቶ ከ10 ቢሊዮን አንድ ይሆናል። ይህ በ1,000 ቀናት፣ ማለትም በሦስት ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ነው።

ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ ቢሰጡስ? ዕድሉ ከ1,000 ትሪሊዮን አንድ ይሆናል። ይህን የመሰለ ቫይረስ ለማግኘት 100 ሚሊዮን ቀናት፣ ወይም ከ270,000 ዓመት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ስሌት ብዙ ነገሮችን አቅልሎ የሚያይ ነው። ለምሳሌ ሁለት ቫይረሶች የዘር መረጃቸውን ሊለዋወጡ መቻላቸውን አላካተትንም። ቢሆንም በመቶ ጊዜ በቀንና በመቶ ሺዎች ዓመታት መካከል ያለው ልዩነት በጥቃቅን እርማት የሚጠፋ አይደለም። የሦስቱ መድኃኒቶች ምሥጢር እንግዲህ የጉልበት መደመር ሳይሆን የዕድል መባዛት ነው። አበው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላሉ። ፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒቶች የሚያብሩት ግን በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው።

ስሌቱ እንዲሠራ ሁለት ነገሮች መሟላት አለባቸው። የመጀመሪያው መድኃኒቶቹ በአንድ ጊዜ መጀመራቸው ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ እንደተደረገው አንዱ ሲከሽፍ ሌላውን መጨመር ለቫይረሱ መሰላል ሠርቶ መስጠት ነው፤ ያልቻለውን ከፍታ ደረጃ በደረጃ ይወጣዋል። ሁለተኛው መድኃኒቶቹ በአንድ ዓይነት ለውጥ የማይሸነፉ መሆናቸው ነው። ኔቪራፒንና ኤፋቪረንዝ ሁለት ስም ቢኖራቸውም የሚይዙት አንድ ቦታ በመሆኑ አንድ ለውጥ ሁለቱንም ሊያሰናክል ይችላል። ስለዚህ አዲስ ዒላማ ማግኘት ግድ ሆነ።

መቀሱን ማደንዘዝ

አዲሱ ዒላማ ፕሮቲየዝ ሆነ። በ1989 ተመራማሪዎች የኤንዛይሙን ቅርጽ በኤክስ ሬይ አማካይነት አነበቡ። ኤንዛይሙ እያንዳንዳቸው 99 አሚኖ አሲዶች ካሏቸው ሁለት ተመሳሳይ ግማሾች የተገጠመ ሲሆን የመቁረጫው ስፍራ በሁለቱ መካከል ይገኛል። ኬሚስቶች ሊቆረጥ የተቃረበ ፕሮቲን የሚመስል፣ ነገር ግን የማይቆረጥ ሞለኪውል ነድፈው በዚያ ስፍራ ላይ እንዲሰነቀር አደረጉ። ኤ.ዜድ.ቲ. ከመጋዘን የተገኘ መድኃኒት ሲሆን እነዚህ ግን ቁልፉ ታይቶ የተቀረጹ ናቸው። ሳኩዊናቪር በታኅሣሥ 1995፣ ሪቶናቪርና ኢንዲናቪር በመጋቢት 1996 በአሜሪካ ተፈቀዱ።

በሐምሌ 1996 በካናዳ ቫንኩቨር በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ የሦስት መድኃኒቶች ጥምረት ቫይረሱን በደም ውስጥ በምርመራ ሊታይ ከማይችልበት መጠን እንደሚያደርሰው ተገለጸ። በቀጣዩ ዓመት በ1997 በአሜሪካ በኤች.አይ.ቪ. ምክንያት የሚሞተው ሰው መጠን ከቀዳሚው ዓመት በ47 በመቶ ቀነሰ። ስሌቱ በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በሰው ሕይወትም ላይ መሥራቱ ታየ።

መድኃኒቱ እዚያ፣ ታካሚው እዚህ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን የታወቁት በ1986 ነበር። የቫንኩቨሩ ዜና ሲሰማ ግን መድኃኒቱ ለአገራችን ታካሚ የማይደረስበት ነበር። በ2000 የሦስቱ መድኃኒቶች የአንድ ዓመት ዋጋ ለአንድ ሰው ከ10,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2001 ሲፕላ የተባለው የህንድ ኩባንያ ይህንኑ ጥምረት ለእርዳታ ድርጅት በዓመት 350 ዶላር አቀርባለሁ ሲል ዋጋው ይወርድ ጀመር። በአገራችን ሕክምናው በ2003 በክፍያ፣ በ2005 ደግሞ በነፃ መሰጠት ተጀመረ።

ከቫንኩቨር እስከ ነፃው ሕክምና 9 ዓመት አለፈ። የቫይረሱ ስሌት ከተፈታ በኋላ የዋጋው ስሌት እስኪፈታ የጠፋውን ሕይወት ያን ጊዜ በየቤቱ የነበረው ሐዘን ይመሰክራል። መድኃኒት ተገኘ የሚባለው በቤተ ሙከራ ሲሠራ ሳይሆን ከታካሚው እጅ ሲገባ መሆኑን ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

ከሦስተኛው ኤንዛይም እስከ ቫይረሱ ቅርፊት

ከዚህ በኋላ በየደረጃው አዳዲስ መድኃኒቶች ተገኙ። በ2003 የቫይረሱንና የሕዋሱን ሽፋን መዋሐድ የሚከለክለው ኤንፉቪርታይድ፣ በ2007 ሲ.ሲ.አር.5ን የሚሸፍነው ማራቪሮክና የመጀመሪያው የኢንተግሬዝ ተቃዋሚ ራልቴግራቪር ተፈቀዱ። በ2013 የተፈቀደው ዶሉቴግራቪር ከኢንተግሬዝ ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ ቫይረሱ በቀላሉ አይላመደውም። በዚህም ምክንያት የዓለም የጤና ድርጅት በ2019 በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ተመራጭ እንዲሆን አሳሰበ። እንዲያውም በዚያው ዓመት ዶሉቴግራቪርና ላሚቩዲን ሁለቱ ብቻ ለተወሰኑ ታካሚዎች እንዲሰጡ በአሜሪካ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሦስት የሚለው ቁጥር ራሱ ተአምር አይደለም፤ ዋናው ቁም ነገር ቫይረሱ በአንድ እርምጃ ሊዘለው የማይችለው አጥር መሠራቱ ነው።

በ2022 ደግሞ የቫይረሱን ውስጠኛ ቅርፊት የሚያሰናክለው ሌናካፓቪር ብቅ አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ በመርፌ የሚሰጥ ሲሆን፣ በ2024 በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ በተደረገ የመከላከያ ሙከራ መርፌውን ከወሰዱ 2,134 ወጣት ሴቶች መካከል በቫይረሱ የተያዘ አንድም ሰው አልነበረም።

ስሌቱ የሚፈርሰው መቼ ነው?

ከላይ ያየነው ስሌት ሦስቱም መድኃኒቶች በደም ውስጥ በበቂ መጠን መኖራቸውን ታሳቢ ያደርጋል። ታካሚው መድኃኒቱን ሲያቋርጥ ሦስቱ እኩል አይወጡም። ለምሳሌ ኔቪራፒን ሌሎቹ ካለቁ በኋላ ለቀናት በደም ውስጥ ይቆያል። በእነዚያ ቀናት ታካሚው ሳያስበው አንድ መድኃኒት ብቻ እንደሚወስድ ሰው ይሆናል፤ ከ270,000 ዓመት ወደ 100 ጊዜ በቀን ይመለሳል። የጤና ባለሙያዎች «ሰዓቱን ጠብቃችሁ ውሰዱ፤ አታቋርጡ» የሚሉት ለሥርዓት ያህል አይደለም፤ ከጀርባው ይህ ሒሳብ አለ።

ሕክምናው የዕድሜ ልክ የሆነበትም ምክንያት አለ። በ1997 እንደታወቀው ቫይረሱ በአንዳንድ ረጅም ዕድሜ ባላቸው የማስታወስ ሕዋሳት ዲ.ኤን.ኤ. ውስጥ ተሰፍቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መድኃኒቶቹ የሚያሰናክሉት የሚራባውን ቫይረስ እንጂ የተኛውን አይደለም። ይህ ጎተራ በሕክምና ብቻ ባዶ እንዲሆን ከ60 ዓመት በላይ እንደሚያስፈልግ ተሰልቷል። የዛሬው ምርምር ትልቁ ጥያቄ ይህን ጎተራ ማጥፋት ነው።

በሌላ በኩል ሕክምናው የሚጠብቀው ታካሚውን ብቻ አይደለም። በ2011 የወጣ ጥናት፣ ከጥንዶች አንዱ በቫይረሱ ተይዞ ሕክምና በጊዜ ሲጀምር ወደ ሌላው የመተላለፍ ዕድሉ በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶች ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን እንደማያስተላልፍ አረጋግጠዋል።

መደምደሚያ

በ2024 መጨረሻ በዓለም ላይ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ውስጥ ከሚገኝ 40.8 ሚሊዮን ሰዎች መካከል 31.6 ሚሊዮን ያህሉ ሕክምና ላይ ነበሩ። ወደ መነሻችን እንመለስና ያችን አንዲት እንክብል እንያት። በውስጧ የእንስሳት ቫይረስ ያጠኑ ሰዎች ግኝት፣ ለካንሰር ታስቦ ከከሸፈ መድኃኒት የተገኘ ትምህርት፣ የኤክስ ሬይ ሊቃውንት ሥዕልና የሒሳብ ባለሙያ ስሌት ተጨምቀው ይገኛሉ። አንዳቸውም ቢሆኑ ብቻቸውን ባልበቁ ነበር። ዛሬ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ ወይም በሒሳብ ክፍል ተቀምጠን «ይህ ለምን ይጠቅማል?» ብለን ስንጠይቅ ይህን ታሪክ ማስታወስ መልካም ነው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ አራሚ ቢኖረውና በየ30 ሚሊዮን ፊደላት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሳሳት፣ በጽሑፉ ያለው ስሌት ለአንድ መድኃኒት ምን ውጤት ይሰጥ ነበር?

2. ሦስት መድኃኒቶች ከሚወስድ ሰው ሁለቱ በአንድ ዓይነት ለውጥ የሚሸነፉ ቢሆኑ ቫይረሱ ስንት ለውጥ ብቻ ያስፈልገዋል?

3. መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ለማከምም ብዙ መድኃኒቶች በአንድ ላይ ይሰጣሉ። በሁለቱ ሕክምናዎች መካከል ያለውን ተመሳሳይነት ተወያዩበት።